በወሎ መንገድ ላይ አትተኙ፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ከርሟል። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሁለቱ የደሴ ልጆች ናቸው፤ ተናደው ነው የላኩት። ጽሑፉ አገራችን ውስጥ ስንጓዝ የዱር እንስሳትንና የተፈጥሮን ውበት እንዴት እንደምናይ ይመክራል። ሐሳቡ ደግ ነው። ወሎ ላይ ሲደርስ ግን ጸሐፊው እንዲህ ይላል፦ «ከከሚሴ እስከ ቆቦ ያለው መንገድ ለተፈጥሮ ወዳጅ ባዶ ነው፤ እዚያ ጋ ይተኙ።» ከዚያ ምክንያቶቹን ይደረድራል። ወሎ አውሬ የለውም። የግል መኪና የሌለው ምንም አያይም። በሌሊት ማለፍ ይሻላል። ዝንጀሮ ካያችሁ ሙዝ ወርውሩላቸው። ከመስከረም ውጪ አትምጡ። ሐይቅ ውሃ ብቻ ነው። ገበሬው ዱሩን ጨርሶታል።

እኔ ሐይቅ ከተማ ተወልጄ ደሴ ያደግሁ ሴት ነኝ። ለሥራ ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከደሴ ወልድያ፣ አንዳንዴም የደላንታዋ ወገል ጤና ድረስ በሕዝብ ትራንስፖርት ስመላለስ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። የእንስሳት ባለሙያ አይደለሁም። ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከመስኮት ዐይኔን ነቅዬ አላውቅም። ስለዚህ በጻፈበት ቅደም ተከተል ልመልስለት።

«ወሎ አውሬ የለውም፤ እንስሳ ማየት የፈለገ ባሌ ወይም ስሜን ይሂድ» ይላል።

ባሌም ሂዱ፣ ስሜንም ሂዱ። ሁለቱም የሚያኮሩ ቦታዎች ናቸው። «የለውም» የሚለው ቃል ግን ትክክል አይደለም። ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም። አብዛኞቹ ባሌ ናቸው፣ እውነት ነው። የቀሩት እዚህም እዚያም በተበታተኑ ከፍታዎች ላይ ይኖራሉ፤ ከእነዚያ ከፍታዎች መካከል ደቡብ ወሎና ሰሜን ወሎ አሉበት። በደቡብ በቦረና ሳይንት በኩል፣ በሰሜን ደግሞ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከላሊበላ ከተማ በላይ የተዘረጋው ያ ትልቅ ተራራ ማለት ነው። ላሊበላ የሚሄደው ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ከዐለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ያያል፤ ማየትም አለበት። ግን ቀና ቢል፣ ከበላዩ ያለው ተራራ ላይ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ሥጋ በል እንስሳት አንዱ አይጥና ፍልፈል እያደነ ይኖራል። ይህን ለመንገደኛ የሚነግረው ሰው ጥቂት ነው። ጸሐፊው ሊነግረን ሲችል «የለም» አለን። የሚያሳዝነኝ እሱ ነው። የለም የተባለን ነገር ማን ይጠብቀዋል?

ከመካነ ሰላም ብዙ ሳይርቅ ደግሞ ደንቆሮ የሚባለው ደን አለ። ዛሬ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው። ከታች ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ወደ ላይ ሲወጡ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ከዚያ በላይ የጓሳ ሣርና ጅባራ። ጭላዳ ዝንጀሮ አለ፣ ድኩላ አለ፣ ነብርም አለ። መንገዱ ቀላል ነው አልልም፤ ከደሴ ረጅም ነው፤ ያደክማል። ግን ረጅም መንገድ መሆኑና ባዶ መሆኑ ለየቅል ናቸው።

ስለ ጭላዳ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ ጭላዳ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለሥራ ወገል ጤና ሄጄ አደርኩ። የደላንታ ብርድ እንቅልፍ ቢከለክለኝ በማለዳ ተነሥቼ ወደ ገደሉ አፋፍ ወጣሁ። ከታች የበሽሎ አገር ነው፤ ገደል ከገደል እየተደራረበ፣ ወደ መቅደላ አቅጣጫ ሲያዩት ሰማያዊ እየሆነ የሚሄድ። አንድ በግ የሚጠብቁ አባት እሳት አንድደው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ዝንጀሮ ፈልጌ እንደመጣሁ ስነግራቸው ሳቅ አሉና፣ «ምነዋ ልጄ፣ በዚህ ብርድ ምን አስቸኮለሽ? እነሱም ፀሐይ ሳይሞቁ አይወጡም» አሉኝ። ከእሳቱ ዳር ቦታ ሰጡኝ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ጭላዳ ከገደሉ ጫፍ ራሱን ብቅ አደረገ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ እናት ልጇን በጀርባዋ አዝላ። ትንሽ ቆይቶ ሜዳው በእነሱ ተሞላ።

ሌሊቱን ጅብና ነብር እንዳይደርስባቸው ገደል ላይ፣ ሰው እግሩን የማያሳርፍበት ጠባብ ድንጋይ ላይ ያድራሉ። ጠዋት ወጥተው ሣር ይበላሉ። ምግባቸው ከሞላ ጎደል ሣር ብቻ ነው፤ ቁጭ ብለው በጣታቸው እየነጩ፣ ልክ ሴት ጎመን ስትቀነጥስ እንደምታደርገው በፍጥነት፣ በሁለት እጅ። አጠገባቸው ያለውን ሲጨርሱ አይነሡም፣ እንደተቀመጡ ሸርተት ይሉና ቀጣዩን ይነጫሉ። ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቆዳ፣ የወንዱ ጎፈር በነፋስ ሲነሣ... ያን ቀን ስብሰባ አርፍጄ ነው የገባሁት። እንዲህ ያለ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ውጪ የትም በዱር አይኖርም። ወሎ የሚኖር ሰው ይህን ካላወቀ ጥፋቱ ያልነገርነው የእኛ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ምንም አያይም፤ የግል መኪናና ትልቅ ካሜራ ያስፈልጋል።»

ይህ ከሁሉም በላይ አናዶኛል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የግል መኪና የለውም። ጽሑፉ ለእነሱ «ይህ ነገር የእናንተ አይደለም» እንደማለት ነው። የአውቶቡስ ወንበር እኮ ከቤት መኪና ከፍ ያለ ነው። አጥር ያሳልፋል፣ የድልድይ ግንብ ያሳልፋል። የሚነዳው ሌላ ሰው ነው፤ የእናንተ ሥራ ማየት ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ ስትነሡ ጣርማ በር ላይ ጭላዳ ልታዩ ትችላላችሁ፤ እሱ ሸዋ ነው፣ ለወሎ አልቆጥረውም። ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ንቁ። ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ደሴ ስትገቡ ከ600 ሜትር በላይ ወደ ላይ ወጥታችኋል። ዛፉ ይለወጣል፣ አየሩ ይለወጣል፣ ወፉም ይለወጣል። ነፋሱ የተራራውን ወገብ እየመታ ወደ ላይ ስለሚገፋ ጭላትና ንስር ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ በመስኮታችሁ ትክክል ይንሳፈፋሉ፤ አንዳንዴም ከእናንተ በታች። ንስርን ከጀርባው በኩል ማየት ሰው የማይገምተው ዕድል ነው፤ ያ ዕድል የሚገኘው እንዲህ ባለ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ነው።

ደሴ ላይ ደግሞ ጠዋት አየሩ ሞቅ ማለት ሲጀምር ወደ ጦሳ ተራራ ቀና በሉ። ጥንብ አንሳ ክብ እየሠራ ሲወጣ ታያላችሁ። ሰው ይጸየፈዋል። እኔ ግን ሳየው ደስ ይለኛል፤ ሥጋው ሳይሸት፣ በሽታው ሳይዛመት ጠራርጎ የሚያነሣልን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በአፍሪካ የሚኖሩ በርካታ የጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ሊጠፉ ጫፍ ከደረሱት ተርታ አስገብቷቸዋል፤ በእኛ ሰማይ የሚበሩት ነጭ ጀርባውና የሩፔል የሚባለው ከእነሱ መካከል ናቸው። ዋናው ምክንያት መርዝ ነው። ለጅብ ተብሎ በሬሳ ላይ የሚደረግ መርዝ መቶ አሞራ ሊገድል ይችላል። ሌላም አለ፤ ባለ ጢሙ ትልቁ አሞራ፣ አጥንት ወደ ሰማይ ይዞ ወጥቶ ዐለት ላይ እየጣለ የሚሰብረው። ሆዱ አጥንት ይፈጫል። ሆዱና ደረቱ ላይ ያለው የዝገት ቀለም የተፈጥሮ ቀለሙ አይደለም፤ ብረት ባለበት ጭቃና ውሃ እየታጠበ የሚቀባው ነው። ክንፉን ዘርግቶ በገደል ላይ ሲያልፍ ጥላው ሜዳ ላይ ይታያል።

ከደሴ ወደ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ እንደደረሳችሁ ውሃው በቀኝ ነው። ከዚያ የአምባሰል ተራራ በግራ ይመጣል፤ ለዜማችን ስም የሰጠው አምባሰል ማለት ነው። ግሸን ማርያምም ያለችው በዚያው በግራ በኩል ባለው ተራራማ አገር ውስጥ ነው። ውጫሌን አልፋችሁ ወደ መርሳ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ግራርና ሾላ ይበዛል፣ የወፉ ቀለም ይደምቃል። ቆቦ ላይ ሜዳው ይከፈትና ዞብል በስተምሥራቅ ይቆማል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ትኬት፣ ከደጋ ወደ ቆላ። የመብራት ሽቦውን ተከተሉ፤ ወፎች ያርፉበታል። የእርሻ ድንበሩን ተከተሉ፤ ጥንቸልና ቆቅ የሚወጡት በጫፍ ነው። ድንጋያማ ገደል ካያችሁ ሽኮኮ አይታጣም፤ ፀሐይ ሲሞቅ ከድንጋዩ ጋር ተመሳስሎ ይቀመጣል። መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም፤ በሦስተኛው ጉዞ ዐይን ይለምዳል።

ካሜራውንም ልመልስ። ስልክ ከሩቅ ያለ ወፍ አያነሣም፤ እሱ እውነት ነው። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ካላችሁ ያዙ። ከሌላችሁም ምንም አይደለም። አንድ ትንሽ ደብተር ይበቃል። ቀን፣ ቦታ፣ ያያችሁት ነገር። የኔ ደብተር አምስተኛው ላይ ነው፤ ስማቸውን የማላውቃቸውን ወፎች «ጅራቱ ረጅም፣ ሆዱ ብርቱካን» ብዬ ነው የምጽፋቸው፤ ስሙን ኋላ ጠይቄ አገኘዋለሁ። ሹፌሩን ግን ሐረጎ ኩርባ ላይ «አቁምልኝ» አትበሉት። ለቁርስ ወይም ለጎማ ሲቆም ያኔ ውረዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ጠይቁ፤ ያለፉት ዓመታት ለወሎ ቀላል አልነበሩም፤ የአገሩ ሰው ከማንም በፊት ያውቃል።

«ጊዜ ለመቆጠብ በሌሊት ማለፍ ይሻላል።» ይህን ባጭሩ ልመልስ። በሌሊት የሚሄድ ሰው የሚያየው የመኪና መብራት ብቻ ነው። ከዚያ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ጅብ፣ አነር፣ ጃርት፣ ሚዳቋ መንገድ የሚያቋርጡት በሌሊት ነው። አንዴ ተገድጄ በሌሊት በአንድ ሚኒባስ ከወልድያ ስመለስ አንዲት አነር ገጨን። ሹፌሩ አላቆመም። እኔ ዞሬ አየሁ፤ መብራቱ አልደረሰላትም፣ ጨለማው ዋጣት። ከዚያ ወዲህ በሌሊት አልሄድም። ኩርባውና ገደሉ ለሰውም እንደማይመች ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ወደ ሙዙ። «ዝንጀሮና ጦጣ ካያችሁ ሙዝ ወይም ዳቦ ወርውሩላቸው፤ ይቀርቧችኋል፣ ልጆችም ይደሰታሉ።»

ወንድሜ፣ ይህን ምክር ከጽሑፍህ አውጣው፤ አደራ። ልጆች እንደሚደሰቱ አውቃለሁ። እኔም ልጅ ሆኜ ሐይቅ ዳር ለጦጣ ቆሎ ወርውሬያለሁ። ግን ቀጥሎ የሚሆነውን እናስብ። ከመኪና ምግብ የለመደ ጦጣ መኪና ሲሰማ ወደ አስፋልት ይሮጣል። ይገጫል። የተረፈው ደግሞ ምግብ ያልሰጠውን ሰው መንጠቅ ይጀምራል፣ ሕፃን ይቧጭራል፣ ወደ ጓሮ ይገባል። ያኔ ገበሬው ወንጭፍ ያነሣል፣ ውሻ ይለቅቃል። ሙዙን የወረወረው ሰው በዚያን ሰዓት አዲስ አበባ ገብቷል። ጭላዳ ደግሞ ጭራሽ ሙዝ የሚያስፈልገው እንስሳ አይደለም፤ ጥርሱም ሆዱም ለሣር የተሠራ ነው።

ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላ ሰንሰለት አለ። መንገድ ዳር የምንጥለው ትርፍራፊ ውሻ ይሰበስባል። ውሻ በበዛበት የእብድ ውሻ በሽታ አለ፤ ዲስቴምፐር የሚባለውም የውሻ በሽታ አለ። ቀይ ቀበሮን በየጊዜው በብዛት የሚገድሉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ባሌ ላይ በእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ2003 እና በ2008 መንጋ መንጋው አልቋል። ባሌ ቁጥሩ ብዙ ስለነበር ተረፈ። ወሎ ላይ ያለው ጥቂት ነው፤ አንድ ወረርሽኝ ቢገባ ተመልሶ የሚተካው ከየት ይመጣል? ጎጃም ጮቄ ተራራ ላይ የነበረው ቀይ ቀበሮ ዛሬ የለም። ስለዚህ ወደ ከፍታው የምትሄዱ ሰዎች ውሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ምግብ ጥላችሁ አትምጡ። የደጋው ሰው ውሻውን ሲያስከትብ ካያችሁ ደግሞ አመስግኑት፤ ትልቅ ሥራ ነው የሠራው።

ስለ መቅረብም አንድ ነገር ልጨምር። ሸዋ፣ መንዝ ጓሳ ላይ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራው 67ቱ ይሳካለታል፤ ለብቻው ሲሆን 25 ብቻ። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ጭላዳ ሳይ ቶሎ ብዬ አልቀርብም። ለፎቶ ብዬ መንጋውን ብበትን የማን ማዕድ እንደምበትን አላውቅም። ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። እነሱ ራሳቸው እየነጩ ወደ እናንተ ይመጣሉ።

ስለ ቆሻሻ ግን ጸሐፊው ትክክል ነው። «መንገዱ ዳር የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው የሚታየው» ብሏል፤ ልክ ነው፤ አፈርኩ። ሃይላንዱን በመስኮት የምንጥለው እኛው ተሳፋሪዎች ነን። ይህን ነጥብ አልከራከርም።

«ከመስከረም ውጪ አትምጡ።» መስከረም ይወደዳል፤ አደይ አበባው አለ፣ ፏፏቴው አለ፣ ለግሸን በዓል መስከረም 21 የሚሄደው ምእመንም መንገዱን ያደምቀዋል። ግን የደጋው ጉም በመስከረም ሙሉ በሙሉ አይለቅቅም፤ ገደል አፋፍ ደርሳችሁ ነጭ ግድግዳ ብቻ ልታዩ ትችላላችሁ። ሰማዩ የሚጠራው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ያኔ ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት የሚሸሹት ወፎች ይገባሉ። ንስሮቹ በየመን በኩል መጥተው ባብ ኤል መንደብን ተሻግረው ወደ እኛ ይመጣሉ። ከባቲ ወደ ታች፣ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ በእነዚያ ወራት ሰማዩን ማየት መልካም ነው፤ ሰኞ ከሆነ ገበያውንም ታያላችሁ። በጋው ሲጠና ሣሩ ያጥራል፣ እንስሳ ውሃ ወዳለበት ይሰበሰባል፣ ማየት ይቀላል። በልግ ከዘነበ ደግሞ ሌላ አረንጓዴ ይመጣል። ወሎ ሁለት ጊዜ የሚዘንብበት አገር መሆኑን የረሳ ሰው ነው መስከረምን ብቻ የሚመክረው።

«ሐይቅ ውሃ ብቻ ነው፤ ዓሣ በልተው ይለፉ።»

የተወለድኩበት ነውና ቢያመኝ አይፈረድብኝም። ሐይቁ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ መውጫ ወንዝ የለውም። ከበላዩ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፤ ውሃው በአንከርካ ወንዝ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ብዙ መንገደኛ አርዲቦን ሰምቶት አያውቅም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ነው። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን ከየብስ ጋር ተያይዟል። እኔ ሴት ስለሆንኩ ወደ ውስጥ አልገባም። ግን ይህ ነገር አንድ ጥቅም ሰጥቶኛል፤ ወንድሞቼ ገዳሙን ሲሳለሙ እኔ ከውጪ ውሃው ዳር ተቀምጬ ወፍ እጠብቃለሁ። ገዳሙ ሰባት መቶ ዓመት ጠብቆ ያቆየው ዛፍ የወፍ ማደሪያ ነው። ማታ ወደ 11 ሰዓት ተኩል ግድም ቀኑን የዋሉበት ሁሉ ይመለሱበታል። በማለዳ ደግሞ ፊላው ዳር ዳክዬው፣ ጫጩቶቹን አስከትሎ የሚዋኘው፣ ውሃው ላይ ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው ረጅም እግሩ ወፍ... ታንኳ ቀዛፊውን «ቀስ በል» ካላችሁት ቀስ ይላል። ድምፅ ሳያሰማ ይቀዝፋል። ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሲያጠምድም እንደዚያው ነው። ስለ ሐይቁ አመጣጥ በአንዲት ነፍሰ ጡር ላይ የተሠራ ግፍ መሬቱን ውሃ አደረገው የሚለውንም ይነግራችኋል፤ እኔ ከአያቴ የሰማሁት ነው። ዓሣውን ብሉ፤ ይጣፍጣል። ግን ከበላችሁ በኋላ አንድ ሰዓት ቁጭ በሉ።

የመጨረሻውና ከባዱ ነጥብ፦ «የወሎ ገበሬ ዱሩን መንጥሮ አውሬውን ጨርሶታል።»

ይህን በቁጣ ብቻ መመለስ አልችልም፤ ከፊሉ እውነት ስላለበት። ደናችን ተመንጥሯል። ገብሱ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ እየወጣ የቀይ ቀበሮውን ሜዳ እየገፋ ነው። ከሰል ይከሰላል። ይህን መካድ እንስሳውን አይጠቅመውም። ግን «ገበሬው ጨረሰው» ብሎ መዝጋት ደግሞ ግፍ ነው።

አያቴ እንደምትለኝ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከኮምቦልቻ እስከ ሐይቅ ያለው ተራራ ዐፅሙ የወጣ ነበር። ከዚያ በምግብ ለሥራ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ፣ ብዙ ተራራ ከከብት ተከለለ። የተራበ ሰው ነው ያን ድንጋይ የተሸከመው። እሷም ተሸክማለች። ዛሬ ከእነዚያ ከተከለሉት ተራሮች አንዳንዶቹን ብታዩ ክትክታው፣ ደደሆው፣ ወይራው ተመልሷል። ባሕር ዛፉ ብቻ አይደለም። ማለዳ ቆቅ ሲጮህ ከመንገድ ይሰማል። የይጎፍ ደን ከኮምቦልቻ በላይ እስካሁን ጽድና ወይራውን ይዞ አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ በየሼሁ መቃብርና በየጀማው ዙሪያ ያለውን ዛፍ ማንም አይቆርጥም። ዱበርቲ የምንላቸው እናቶች ዱዓ የሚያደርጉበትን ዋርካ የነካ ሰው አላየሁም። ዘበኛም ደመወዝም ሳይኖር ትልልቅ ዛፎች የተረፉት በዚህ ነው፤ ወፉም ጦጣውም እዚያ ነው ያለው።

ጭላዳ የአንድን ቤት ገብስ በአንድ ጠዋት ሊጎዳው ይችላል። እኔ በመስኮት አይቼ ደስ ብሎኝ አልፋለሁ፤ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ በጅራፍ ማሳ የሚያስጠብቀው ግን ገበሬው ነው። ያም ሆኖ እነዚያ እሳት ዳር ያስቀመጡኝ አባት «እነሱም ፍጥረት ናቸው፤ ብቻ ገብሴን ባይነኩ» ነው ያሉኝ። ብርቅ እንስሳ ከሰው ተለይቶ፣ በአጥር ተከብቦ የሚገኝበት አገር ይኖር ይሆናል። ወሎ ላይ ግን ሰውና አውሬ በአንድ ተራራ፣ በአንድ ውሃ፣ አንዳንዴ በአንድ ማሳ ነው የሚኖሩት። ለማየት የመጣ ሰው መጀመሪያ ሰላም ብሎ ቢጠይቅ፣ ከመንደሩ ሰው መንገድ መሪ ቢይዝና የድካሙን ቢከፍለው፣ ያ ገንዘብ ጭላዳውን ከወንጭፍ የሚያድን ነገር ይሆናል። ጸሐፊው «የአገሩ ሰው ገንዘብ ነው የሚፈልገው» ያለውን አንብቤያለሁ። ገብሱን ለተበላ ሰው ገንዘብ መክፈል ምን ነውር አለው? ደግሞም እኔን ያን ቀን እሳት ያሞቁኝ፣ በቆሎ ጠብሰው የሰጡኝ አባት አምስት ሳንቲም አልጠየቁኝም። ልሰጣቸው ስል ተቆጡኝ።

ለጸሐፊው በግሌ የምለው አንድ ነገር አለኝ። እኔ በሚቀጥለው ወር እንደገና ወገል ጤና እሄዳለሁ። መኪናው ከደሴ የሚነሣው በማለዳ ነው። ደላንታ አድረን በማግስቱ ጠዋት ገደሉ አፋፍ ላይ እንቀመጣለን፤ ጋቢ እይዛለሁ፣ ቡናም በፔርሙስ። ከመጣህ የመስኮቱን ወንበር ለአንተ እለቃለሁ።